ከባርኔጣው የወጣችው ወረቀት

የልጅ ልጄ ሐና ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዛልኝ መጣች። የክርክር ክበባቸው የተመሠረተበትን ቀን ያከብራል፤ ለዚያም «ክርክር ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ ሙያ ምን ይጠቅማል?» በሚል ርዕስ አሥር ደቂቃ የሚናገር ጡረታ የወጣ ባለሙያ ይፈለጋል። እሷ ሆዬ እጇን አውጥታ «የእኔ እቴቴ ድሮ ተከራካሪ ነበረች፤ ውሃ ላቦራቶሪ ውስጥ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሠርታለች» ብላ አስመዝግባኛለች። ሳትጠይቀኝ! «ማን ላከሽ አንቺ?» ብዬ ጮህኩባት። ምን ገዷት። ሶፋው ላይ ተጋድማ ስልኳን እየነካካች፣ «አሥር ደቂቃ እኮ ነው እቴቴ። ክርክር ጎበዝ ሳይንቲስት ያደርጋል ትያቸዋለሽ፣ ይጨበጨብልሻል፣ በቃ» አለችኝ። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጣ አየችና «ሁለት እንግዳ ቢሆን ይመረጣል ይላል። አብሮሽ ይከራከር የነበረ ጓደኛ የለሽም?» አለች። ሽንኩርት ልክተፍ ብዬ ጓዳ ገባሁ። ቢላ እንኳ አላነሳሁም።

ጓደኛማ ነበረኝ። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ የደርግ ጊዜ ነበር ካልኳችሁ ይበቃል። ስኳርና ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በኩፖን የሚታደልበት፣ እናቶቻችን ዘንቢላቸውን ሰልፉ ላይ አስቀምጠው «ተራዬን ጠብቂልኝ» ተባብለው ወደ ቤታቸው የሚመለሱበት ጊዜ ነው። የምንኖረው አዲሱ ገበያ ነበር። ከደጃችን ወጥታችሁ ወደ እንጦጦ ቀና ካላችሁ ባሕር ዛፉ ጥቅጥቅ ብሎ ይታያል፤ ጠዋት እንጨት የተሸከሙት ሴቶች አጎንብሰው ሲወርዱ የቅጠሉ ሽታ መንገዱን ይሞላዋል። አሁን እዚያ ቆሜ ቀና ስል የማየው ፎቅና የፎቅ ማስታወቂያ ነው፤ ሽታውም የናፍጣ ነው። ያኔ ፓስቲ አምስት ሳንቲም ነበረች፤ በጋዜጣ ጠቅልለው ይሰጡናል፣ ዘይቱ የጋዜጣውን ፊደል እጃችን ላይ ያትመዋል። ዩኒፎርማችን ሰማያዊ ካኪ ነው። ሸራ ጫማችን ሲቆሽሽ የምናነጣው ከክፍል በሰረቅነው ጠመኔ ነበር፤ ዝናብ የመጣ ዕለት ታዲያ ጉድ ነው። ወንዶቹ ሱሪያቸው መንገድ ይጠርጋል፤ እኛ ሴቶቹ አፍሯችንን በሹካ ማበጠሪያ ወደ ላይ እናቆማለን። ታክሲ መያዣው ጋ አንድ ካሴት የሚሸጥ ሰውዬ ድምፅ ማጉያውን በሩ ላይ ሰቅሎ ቀኑን ሙሉ ያንኑ የፍቅር ዘፈን ያስለፈልፈዋል፤ ግጥሙን ሳንፈልግ ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል። ድሃ ነበርን፣ ፈሪም ነበርን። ግን ሳቅ አላጣንም፤ ይኼን ዛሬ ስናገረው ራሴን ይገርመኛል።

የክርክር ክበባችንን የያዘው የፊዚክስ አስተማሪያችን ቲቸር ወንድሙ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከራሱ የማትወርድ ቡናማ ባርኔጣ ያለችው ሰው። ባርኔጣዋ የምትወርደው ዓርብ ከሰዓት ክርክር ሲኖር ብቻ ነው። ያን ጊዜ የተጣጠፉ ወረቀቶች ይጨምርባትና በየተከራካሪው ፊት ያዞራታል። በግማሾቹ ወረቀቶች ላይ «ይሆናል»፣ በግማሾቹ ላይ «አይሆንም» የሚል ተጽፏል። የደረሰህን ይዘህ ትከራከራለህ፤ ልብህ የሚያምንበት ሌላ ቢሆንም የራስህ ጉዳይ ነው። «ቲቸር፣ እኔ እኮ በዚህ አላምንም!» ስንለው «ማን ስለ እምነትህ ጠየቀህ?» ይላል። «የምትወደውን ሐሳብ ካልመታኸው ጠንካራ ይሁን ደካማ በምን ታውቃለህ?» ሌላም ሕግ ነበረው። ለሌላው መልስ ከመስጠትህ በፊት እሱ ያለውን በራስህ አፍ መድገም አለብህ፤ ሰውዬው «አዎ፣ እንደዚያ ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ መልስ የለም። አንዳንዴ መድገሙ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ እንጣላለን፣ እሱ ክንዱን አጣጥፎ ይስቃል። ነገር በደረደርን ቁጥር ደግሞ «በምን አወቅሽ?» አለ። ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነው ያለ ይቀመጣል፤ ቆጥሬ፣ ለክቼ፣ አይቼ ነው ያለ ይቀጥላል። አንድ ቀን ደግሞ ሰሌዳው ላይ ሁለት መንገድ ሳለና «ከእነዚህ አንዱን ምረጡ ብለው ሲያጣድፏችሁ መጀመሪያ ሦስተኛውን ፈልጉ» አለን። ደብተሬ ላይ ጽፌ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። የቀለም ተማሪ ነበርኩ፤ ማስመርማ ማን ብሎኝ።

ያ ጓደኛዬ፣ መስፍን፣ የሸማኔ ልጅ ነው። ቤታቸው ከእኛ በታች ወንዙ ዳር ነበር፤ አባቱ አባባ አንጁሎ ግን በየቀኑ ሽሮ ሜዳ እየወጡ በሸማኔዎች ማኅበር ቤት ውስጥ ይሠራሉ። ሸማ ሲሠራ ያላያችሁ ካላችሁ፣ ሸማኔው መሬት ላይ ይቀመጥና እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ በእግሩ እየረገጠ ነው የሚሠራው። ጉድጓዱ ክረምት ከበጋ እርጥብ ነው። የአባባ አንጁሎ ጉልበት ተበላሽቶ ማታ ማታ መስፍን በቅቤ ያሸው ነበር። «ጉድጓድ የማይፈልግ የሽመና መሣሪያ እሠራለሁ» ይለኝ ነበር መስፍን፤ «ቆሞ ወይ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራበት።» ደብተሩ ከኋላ በኩል በሙሉ የዚያ መሣሪያ ሥዕል ነው፤ መርገጫ፣ ገመድ፣ ፑሊ። ሌላ ልጅ ዶክተር እሆናለሁ፣ ፓይለት እሆናለሁ ሲል እሱ የሚያስበው ስለ አባቱ ጉልበት ነበር። ወድጄው ነበር። ይኸው ተናገርኩት፤ ባሌም፣ ነፍሱን ይማረው፣ ይኼን ያውቅ ነበር።

እኔ ጎበዝ ተከራካሪ ነበርኩ፤ ግን ጽሕፈቴ ከክርክሬ ይበልጥ ስለነበር ያን ዓመት የክበቡ ጸሐፊ አደረጉኝ። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። በሁለት ካርቦን፣ በሦስት ኮፒ። አንዱ ለትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ ለቀበሌ፣ ሦስተኛው ለእኔ ፋይል። ካርቦን ያኔ እንደ ወርቅ ነበር። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ቆጥራ ነው የምትሰጠኝ፤ እስኪነጣ ድረስ እንጽፍበታለን፤ ሦስተኛው ኮፒ እንዲታይ እስክሪብቶውን ስጫን ጣቴ ያብጣል። ያ የካርቦን ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። አዲሱ ገበያ አንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ዛሬም ደረሰኝ በካርቦን ይቆርጣል፤ ያንን ሱቅ አልገባበትም። ሚስማር ካስፈለገኝ ዊንጌት ድረስ ወርጄ እገዛለሁ።

የክርክር ርዕስ አንዳንዴ ከላይ ይመጣ ነበር። ያን ጊዜ የመጣው «ሸማኔ በማኅበር ቢደራጅ ምርቱ ያድጋል» የሚል ነው። እንዲህ ያለ ርዕስ ሲመጣ ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነበር፤ «አይሆንም» የደረሰው ሰው ለይስሙላ ሁለት ሦስት ነገር ይልና ይሸነፋል፣ ይጨበጨባል፣ ወደ ቤት እንሄዳለን። ማንም ያስተማረን የለም፤ ዝም ብሎ የሚታወቅ ነው። ባርኔጣዋ ዞረች። መስፍን ወረቀቱን ገለጠ፤ «አይሆንም።» ሳቀ። አባቱ የማኅበሩ አባል ናቸው፤ እሱ ራሱ ማኅበሩን ይወደዋል፤ ድር በርካሽ የሚያገኙት በማኅበሩ ነው። ቲቸር ወንድሙ ወጣ ስንል ትከሻውን ያዝ አድርጎ «መስፍን፣ ይቺን ቀለል አድርጋት» አለው። መስፍን ግን ቀለል ማድረግ የማያውቅ ልጅ ነበር። «ዕጣ እኮ ነው ቲቸር» አለ፤ በየዋህነት።

አይ መስፍን! አምስት ቅዳሜ ሙሉ የቲቸርን የእጅ ሰዓት ተውሶ ሽሮ ሜዳ ዋለ። አንዱን ቅዳሜ አብሬው ሄጃለሁ፤ እሱ ሰዓቱን ያያል፣ እኔ ደብተር ላይ እመዘግባለሁ። መወርወሪያው በደቂቃ ስንት ጊዜ ተመላለሰ፣ ድሩ ስንት ጊዜ ተበጠሰ፣ የተበጠሰውን ለመቀጠል ስንት ደቂቃ ጠፋ። ሸማኔዎቹ መጀመሪያ ተሳሳቁብን፤ በኋላ «ልጁ ዶክተራችን ነው» እያሉ አምባሻ አበሉን። ከዚያ ቤታቸው የሚሠሩትን ለካ። ቤቱ የሚሠራ ሸማኔ አራት ነጠላ በሚያወጣበት ጊዜ የማኅበሩ ሸማኔ የሚያወጣው ሦስት ብቻ ሆነ። መስፍን በዚያ አልቆመም፤ ቲቸር አስተምሮታላ! ለምን ብሎ የራሱን ቁጥር ራሱ ተከራከረው። አንድ ቀን ከኋላቸው ቆሞ ሲያይ ገባው፤ ማኅበሩ ቤት ውስጥ ጉድጓዶቹ የተቆፈሩት ሸማኔው ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ እንዲቀመጥ ሆኖ ነው። የሰውዬው ጥላ ድሩ ላይ ያርፋል፤ ክሩ አይታየውም፤ ይበጠሳል። ቤታቸው ግን ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ነው የሚሠሩት። «ትርሲት፣ ማኅበሩ አይደለም፤ መስኮቱ ነው!» ብሎ ክንዴን ያዘኝ። ደስታው እስከ ዛሬ ይታየኛል።

የክርክሩ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። መስፍን ቁጥሮቹን ሰሌዳ ላይ ጻፈ። እኔ እጽፋለሁ። ጣቴ አብጧል፤ ገጹ እያለቀ ነው። «ሸማኔዎች በማኅበር በመደራጀታቸው ምርታቸው ከአራት ወደ ሦስት መውረዱን መስፍን አስረድቷል» ብዬ ስጽፍ የገጹ የመጨረሻ መስመር ላይ ደረስኩ። መስፍን በዚያን ጊዜ «ምክንያቱን ልንገራችሁ» ብሎ ስለ መስኮቱ ማውራት ጀመረ። ካርቦኖቼ ነጥተዋል፤ ሁለተኛ ገጽ ለመጀመር ሁለት አዲስ ያስፈልጋል። አልነበረኝም። «ዋናው ነገር ተጽፏል» አልኩ ለራሴ፤ ቀና ብዬ እንደማንም ሰው መስማት ጀመርኩ፤ ሲያበቃም አጨበጨብኩ። ወገኖቹ የተለዩት በዕጣ መሆኑንም አልጻፍኩም። እሱንማ ዓመቱን ሙሉ ጽፌው አላውቅም! ባርኔጣዋን ማን የማያውቅ አለ? በበር ገባን ብሎ የሚጽፍ ሰው አለ? ፈረምኩ፤ ሦስቱንም ኮፒ ለየሁ፤ አንዱን ለጽሕፈት ቤቱ፣ አንዱን ለቀበሌ ሰጠሁ።

ምንም የሆነ ነገር የለም። ወራት አለፉ። ቲቸር ወንድሙ ወደ ክፍለ ሀገር ተዛወረ፤ ባርኔጣውን አድርጎ አውቶቡስ ተራ ሸኘነው፤ ከዚያ ወዲህ የት እንደደረሰ አላውቅም። ማትሪክ ተፈተንን። መስፍን ያመጣው ውጤት ሰፈሩን አስጨፈረ፤ ውጭ አገር ሄዶ የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና እንዲማር ስኮላርሺፕ ደረሰው። አባባ አንጁሎ ለመንገድ የሚሆን ጋቢ ጀመሩለት። የቀረው ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ እሱም «ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና» እየተባለ ሁለት ሳምንት ፈጀ። አንድ ቀን መስፍን ቤታችን መጣ። ፊቱ ጠቁሯል። «ፋይሌ ውስጥ ቃለ ጉባኤ አለ፤ ማኅበሩን ተሳድበሃል አሉኝ» አለ። «ዕጣ ነው ብላቸው አላመኑኝም። አንቺ ነሽ የጻፍሽው፤ ነገ አብረሽኝ ሂጂና ዕጣ መሆኑን ብቻ ንገሪያቸው። የመስኮቱንም ነገር።» «እሺ» አልኩት። ምን አስቸገረኝ፣ እውነቱ ያው ነው። እሱ ሲወጣ እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች። «የእኔ ልጅ፣ ያንቺም ደብዳቤ እኮ እዚያው ነው ያለው» አለችኝ። ለዩኒቨርሲቲ እኔም ከዚያው ቀበሌ ደብዳቤ ያስፈልገኝ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ሄድን። መስፍን በጠመኔ የነጣ ሸራ ጫማ አድርጓል። ደብዳቤ የሚሰጠው የቀበሌው ሰውዬ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ፋይል አስቀምጧል፤ አንዱ የመስፍን፣ አንዱ የእኔ። ስሜን በግልባጩ አነበብኩት። ቃለ ጉባኤውን አወጣ።

«ይኼ የአንቺ ጽሕፈት ነው?»

«አዎ፣ ጓድ።»

«ፊርማውስ?»

«የእኔ ነው።»

«ይኼ ልጅ በዕጣ የደረሰኝን ነው የተናገርኩት ይላል። ዕጣ የሚል ቃል እዚህ ውስጥ አለ?»

«የለም።»

«ስለዚህ ወይ እሱ አሁን እየዋሸ ነው፣ ወይ አንቺ ያኔ ደብቀሻል። የቱ ነው?» አለና እጁን በዝግታ ከመስፍን ፋይል ላይ አንስቶ የእኔ ላይ አሳረፈው።

መስፍን ያየኛል። አልተጨነቀም፤ አምኖኛል። እኔ ደግሞ የሰውዬውን እጅ ነው የማየው። «እ... የጻፍኩት...» አልኩ። «የጻፍኩት የተባለውን ነው።»

ሰውዬው «በቃ» ብሎ ፋይሉን ዘጋው። ውሸት አልተናገርኩም። የጻፍኩት በሙሉ የተባለ ነው። ስንወጣ መስፍን ከጎኔ ተራመደ። ካሴት ቤቱ ጋ ስንደርስ ያ የማይቋረጠው ዘፈን ይዘፈናል። ቆም አለና፣ ሳይቆጣ፣ ክርክር ላይ እንደምናደርገው፣ «የተባለውን ነው የጻፍኩት ነው ያልሽው፤ ልክ ነኝ?» አለኝ። ያልኩትን በራሱ አፍ ደገመልኝ። ሕጉ «አዎ፣ እንደዚያ ነው ያልኩት» እንድል ያስገድደኛል። አላልኩም። ሮጬ ቤቴ ገባሁ።

ሦስተኛው መንገድ የገባኝ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳለቅስ ነው። ወይ እሱ ዋሽቷል፣ ወይ እኔ ደብቄያለሁ፤ ሰውዬው ሁለት መንገድ ብቻ ሰጠኝ። ሦስተኛው ደብተሬ ላይ ሁለት ጊዜ አስምሬበት ነበር! ረስቼ ነው። በቃ ይኼው ነው። ረስቼ ነው ጓድ፤ ካርቦን አልቆብኝ ነው፤ ሁሌ ዕጣ ስለሆነ አልጽፈውም፤ ይኸው የሌሎቹን ሳምንታት ቃለ ጉባኤ ይመልከቱት። ሰውዬው ያምነኝ ነበር? አላውቅም። ምናልባት ሁለታችንንም ያባርረን ነበር። ግን አላልኩትም። የክበቡ ጎበዝ ተከራካሪ፣ ሽልማት የተሸለምኩት እኔ፣ በሕይወቴ አንድ ቀን ብቻ ክርክር ባስፈለገኝ ሰዓት የአሥር ዓመት ልጅ የሚያየውን ወጥመድ ዘልዬ ገባሁበት። በማግሥቱ ተመልሼ መሄድም እችል ነበር። እሱንም አልሄድኩም፤ በሦስተኛው ቀን ደብዳቤዬ መጣ።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። መስፍን በዓመቱ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠራ። ለአባቱ ሁለት ደብዳቤ ከሰሜን ጻፈላቸው፤ ሦስተኛ አልመጣም። መርዶም አልመጣም። መንግሥት ተለውጦ ወታደሩ ተበትኖ እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ በየመንገዱ ሲመጣ አባባ አንጁሎ ከዘራቸውን ይዘው በየቀኑ መንገድ ዳር ይቆሙ ነበር፤ የሚያልፈውን ሁሉ ፊት ፊቱን ያያሉ። ስንት ወር እንደቆሙ አላውቅም። እኔ በሌላ መንገድ እዞር ነበር።

መንግሥት ሳይለወጥ በፊት ግን፣ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቅኩ ዕለት፣ አባባ አንጁሎ ቤታችን መጥተው ነበር። ያን ኮረኮንች ዳገት በዚያ ጉልበታቸው ወጥተው። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነጠላ ሰጡኝ፤ ጥበቡ አረንጓዴና ወርቃማ ነው። «የመስፍኔ ጓደኛ አይደለሽ? እሱ ቢኖር ይዞልሽ ይመጣ ነበር» አሉኝ። ከዚያ በኩራት ቀና ብለው «ይኼን የሠራሁት በአዲሱ ጉድጓድ ነው፤ መስፍኔ ወደ መስኮቱ አዙሩት ብሎን እንደገና ቆፈርነው። ወዲያው አራት ማውጣት ጀመርን፤ ኋላ አምስትም ያወጣን አለን። ማኅበሩ እንዴት ደስ አለው መሰለሽ!» አሉ። እኔን አፈር ይብላኝ። እግራቸው ላይ ወድቄ ጉልበታቸውን ሳምኩ፤ እሳቸው ለስጦታው መሰላቸው። «ተይ ልጄ፣ ተነሽ» ብለው መረቁኝ። አልነገርኳቸውም። ሳልነግራቸው ሞቱ። ነጠላውን አንድ ቀን ለብሼው አላውቅም፤ ሣጥን ውስጥ ነው።

እንግዲህ ሐና ክርክር ለሳይንስ ምን ይጠቅማል ትለኛለች። ይጠቅማል እንጂ! በደንብ ይጠቅማል፤ እውነቴን ነው። አንድ ጊዜ ከገጠር የመጣ የጉድጓድ ውሃ ስንመረምር ጥርት ያለ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ሁሉም ደስ አለው። እኔ ደግሞ «አይሆንም» ደርሶኛል ብዬ ያዝኩ፤ ውጤቱን ተከራከርኩት። ናሙናው እንዴት ተወሰደ? ማን ወሰደው? በምን? አጣርተን ብንደርስበት ለካ ያመጣው ሰውዬ ጠርሙሱ ንጹሕ እንዲሆን ብሎ በበረኪና አጥቦት ኖሯል፤ ጀርሙን የገደለው በረኪናው ነው። መንደሩ ሙሉ ያን ውሃ እየጠጣ ይታመም ነበር። ከዚያ ወዲህ የመመዝገቢያ ቅጻችን የመጀመሪያ መስመር «ናሙናው የተወሰደበት ሁኔታ» እንዲሆን ያስደረግኩት እኔ ነኝ። አዳዲስ ልጆች ያንን መስመር ባዶ ትተው ሲመጡ ወረቀቱን ፊታቸው ላይ እወረውረው ነበር። «ይቺ ሴትዮ አበደች፣ ሁሉም የሚያውቀውን ምን ያጽፈናል?» ይሉ እንደነበር አውቃለሁ። ሁሉም የሚያውቀውን ነው ማጻፍ የፈለግኩት። ለዚህም የምስጋና ወረቀት ተሰጥቶኛል፤ ጥንቃቄዋ ለሌሎች አርአያ ነው ይላል። ግድግዳ ላይ ሰቅዬው አላውቅም። ያ ሁሉ ጥንቃቄ ከየት መጣ? አንድ ሰው ከፍሎልኝ ነው። መስፍን ሊሠራው ያለው የሽመና መሣሪያ አልተሠራም። ባለፈው በታክሲ ሳልፍ ሽሮ ሜዳ አንዱ ቤት በሩ ተከፍቶ አየሁ፤ ሸማኔው ዛሬም እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ ይረግጣል።

ትናንት ከሰዓት ሣጥኑን ከፈትኩት። ከነጠላው ሥር ሦስተኛው ኮፒ አለ። ካርቦኑ ነጥቷል፤ ግን ጣቴ እስኪያብጥ ስለጫንኩት ይነበባል። በላቦራቶሪ ሕግ የተሳሳተ መዝገብ አይፋቅም፣ አይቀደድም፤ ማረሚያው ከጎኑ ይጻፋል፣ ያረመው ሰው ይፈርማል፣ ያረመበትን ቀን ይጽፋል። መነጽሬን አደረግኩና ከላይ ባለው ባዶ ቦታ ጻፍኩ። «ወገኖቹ የተለዩት በዕጣ ነው። ተናጋሪው የምርቱ መቀነስ ምክንያት ማኅበሩ ሳይሆን የመስኮቱ አቅጣጫ መሆኑን አስረድቷል። ጸሐፊዋ ይህን ያልጻፈችው ረስታ ነው።» ፈረምኩ። ፊርማዬ ያኔ ከነበረው ጋር አይመሳሰልም። ቀን የሚለው ጋ ስደርስ ሌላ ቀን መጻፍ አማረኝ፤ ቀበሌ የሄድንበትን የዚያን ጠዋት ቀን። የዕለቱን ጻፍኩ።

ሐና ከኋላዬ መጥታ አንገቷን አስግጋ ታነባለች። «እቴቴ፣ መስፍን ማነው?» አለችኝ። «ሁለተኛው እንግዳ» አልኳት። «ይመጣል?» አለች። ወረቀቱን እንዳልጨረስኩት ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው፤ የዱሮ የቢሮ ሰው ነኝ፣ ደብዳቤ ያለ ግልባጭ አይወጣም። እስክሪብቶውን አነሳሁና ከታች በኩል «ግልባጭ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሁለት ነጥብ አደረግኩ፤ «ለ» ብዬ ጀመርኩ። አባባ አንጁሎ የሉም። ቲቸር ወንድሙ የት እንዳለ አላውቅም። ያ ቀበሌ የለም፤ ቤቱ ፈርሶ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። ሐና «ለማን ነው እቴቴ?» እያለች ቆማ ትጠብቃለች። እስክሪብቶው «ለ» ላይ ቆሞ ቀለሙ ወረቀቱ ላይ እየሰፋ ሄደ፤ የምጽፈው ስም አጣሁ።